ናፍጣ ወይስ ቤንዚን? የ54 ኩንታሉ ክርክር

ኮሎራዶ አውሮራ ከተማ የሚኖሩት ታላቅ እህቴና ባለቤቷ ካለፈው ጥር ጀምሮ በአንድ ነገር መስማማት አቅቷቸው ከረሙ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ቢሆን፣ ለወላጆች የሚላከው ገንዘብ ቢሆን በገባኝ ነበር። ጠቡ የሚገዙት ፒካፕ በናፍጣ ይሁን ወይስ በቤንዚን በሚለው ላይ ነው። በደወልኩ ቁጥር አንዱ ሌላውን ይከስልኛል። እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ እንጂ መካኒክ አይደለሁም፤ ግን ቤተሰብ ውስጥ ቢዝነስ የተማረ ሰው ካለ፣ ቁጥር ያለበት ጠብ ሁሉ እሱ ዘንድ እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። እሱ ታክሲ እየነዳ፣ እሷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እየሠራች በስድስት ዓመት ያጠራቀሙትን አውጥተው ተሳቢ ላይ የተሠራ ኩሽና ገዝተዋል። በሥራ ቀን እዚያው ዴንቨር፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ቅዳሜና እሁዶች ደግሞ ተራራው ላይ ባሉት የመዝናኛ ከተሞች ጥብስ፣ ሽሮና ቡና ሊሸጡ ነው። ኩሽናው ምጣዱን፣ ፍሪጁን፣ የውሃ ታንከሩን፣ ጄኔሬተሩንና ሲሊንደሮቹን ይዞ 12,000 ፓውንድ ይመዝናል። በእኛ አነጋገር 54 ኩንታል ማለት ነው። ይህን በሚጎትተው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ሦስት የእህቴ ልጆች ይቀመጣሉ።

አስቀድመን በቃል እንግባባ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «ጋዝ ልቅዳ» ሲሉ ቤንዚን ማለታቸው ነው፤ እናቴ ግን እስከ ዛሬ «ነጭ ጋዝ መኪና ይነዳል እንዴ?» እያለች ትደነቃለች። «ትራክ» ሲሉም ሲኖትራክ አይደለም፣ ፒካፕ ነው። ፒካፖቹ በሦስት ደረጃ ይከፈላሉ። ፎርድ ኤፍ 150ን የመሰለው ቀላሉ ነው። ኤፍ 250፣ ራም 2500 እና ሲልቨራዶ 2500 መካከለኞቹ ናቸው። 350 እና 3500 የሚል ቁጥር የለጠፉት ደግሞ ከባዶቹ። ለ54 ኩንታል ቀላሉን ደረጃ እርሱት። አንዳንዱ ብሮሹር ላይ ይችላል ቢባልም፣ መንገድ ላይ ጭነቱ መኪናውን ይነዳዋል እንጂ መኪናው ጭነቱን አይነዳም።

የእህቴ ባል ያደገው ኮምቦልቻ ነው። አባቱ ከአሰብ ወደ መሀል አገር ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢው ያመላልሱ ነበር። ስለዚህ ለእሱ ጉዳዩ ገና ሳይጀመር ያለቀ ነው። «ሸክም የናፍጣ ነው፤ ቤንዚን ለቤት መኪና» ይላል። እህቴ የቤቱን ሒሳብ የምትይዘው እሷ ስለሆነች አንድ መልስ ብቻ አላት፦ «ናፍጣው 10,000 ዶላር ይበልጣል። ከየትኛው ኪስ?»

የእሱ አባባል መሠረት አለው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻ 16 እጥፍ ገደማ አምቆ በሙቀቱ ናፍጣው ራሱ እንዲነድ ያደርጋል። ቤንዚን ላይ መታመቁ 10 ወይም 11 እጥፍ ላይ ይቆምና ካንዴላው ይለኩሰዋል። አንድ ጋሎን ናፍጣ በውስጡ የያዘው ኃይልም ከአንድ ጋሎን ቤንዚን ከ10 እስከ 15 በመቶ ይበልጣል። ውጤቱ ቁጥር ላይ ይታያል። የ2023ቱ የፎርድ ኤፍ 250 ባለ 6.8 ሊትር የቤንዚን ሞተር 405 የፈረስ ጉልበትና 445 ፓውንድ ጫማ ቶርክ አለው። ባለ 6.7 ሊትሩ ናፍጣ 475 የፈረስ ጉልበትና 1,050 ቶርክ። በፈረስ ጉልበት ብዙም አይራራቁም፤ በቶርክ ግን ናፍጣው ከእጥፍ በላይ ነው። ይህንንም የሚሰጠው ሞተሩ ሳይጮህ፣ ከ2,000 ዙር በታች ነው። ቤንዚኑ ሙሉ ጉልበቱን ለማውጣት 4,000 ዙርና ከዚያ በላይ መውጣት አለበት። አቀበት ላይ ቤንዚን ሞተር ሲጮህ ሰምተው «ሊፈነዳ ነው» ብለው እግራቸውን የሚያነሱ ሰዎች አሉ። አይፈነዳም፣ የተሠራው ለዚያ ነው። የሚያልቀው የተሳፋሪው ትዕግስት ነው።

ኮሎራዶ ላይ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ከፍታ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታልና። አዲስ አበባ ላይ የምንነዳ ሰዎች ሳናውቀው ሩብ የሚጠጋውን የሞተራችንን ጉልበት አስረክበን ነው የምንኖረው። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ናት። ከዚያ በምዕራብ በኩል በኢንተርስቴት 70 ሲወጣ በ1973 የተከፈተው የአይዘንሃወር ዋሻ አለ፤ ከፍታው ከ11,000 ጫማ በላይ፣ 3,400 ሜትር ገደማ። የእህቴ ገበያዎች አብዛኞቹ ያሉት ከዋሻው ማዶ ነው። እዚያ ሲደርስ 405 የነበረው የቤንዚን ሞተር ጉልበት ወደ 270 ወርዷል። ተርቦ ያለው ናፍጣ ግን አየሩን ራሱ ስለሚያምቅ አብዛኛውን ጉልበቱን እንደያዘ ይደርሳል። ከዋሻው በፊት ያለውን አቀበት ናፍጣው ከሌሎች መኪኖች ጋር እየተሰለፈ ሲወጣው፣ ቤንዚኑ በቀኝ መስመር፣ በሰዓት 35 እና 40 ማይል፣ ከከባድ መኪኖቹ ኋላ ነው። ይህ ያሳፍራል? እህቴን አያሳፍራትም። «ሽሮው አይበርድም» ነው ያለችኝ።

መውጣቱ የጊዜ ጉዳይ ነው። መውረዱ ነው እንቅልፍ የሚነሳው። ዋሻውን አልፎ ወደ ሲልቨርቶርን ከተማ የሚወስደው ቁልቁለት እስከ 7 በመቶ ይደርሳል። ፍሬን ለከዳቸው ከባድ መኪኖች ተብለው የተሠሩ፣ ጠጠር የፈሰሰባቸው መውጫዎች በመንገዱ ዳር አሉ። ዓባይ በረሃን በከባድ ማርሽ የወረደ ሹፌር ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር ነው፤ ቁልቁለትን በፍሬን ብቻ የወረደ ሸራውን ያነዳል፣ የነደደ ሸራ ደግሞ አይዝም። ዘመናዊዎቹ የናፍጣ ፒካፖች እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስጦታ አላቸው። አንድ ቁልፍ ሲጫን ተርቦው የጭሱን መውጫ ያጠብና ሞተሩ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዛል። ፍሬን ሳይነካ 54 ኩንታል በአንድ ፍጥነት ይወርዳል። ቤንዚንም ማርሽ ቀንሶ መያዝ ይችላል፤ ለመጎተት የተሠሩት መኪኖች የተሳቢ ሁነታ ሲበራ ማርሹን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ግን እንደ ናፍጣው አይዝም። ሹፌሩ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነቱን መቀነስ፣ አልፎ አልፎም ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ረግጦ መልቀቅ አለበት። በዚህ ነጥብ ላይ የእህቴ ባል ልክ ነው። እሷም በቁጥር ልትመልስለት ያልቻለችው ይህንን ብቻ ነው።

አሁን ሁለቱም ወዳላሰቡት ነገር ልምጣ። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ቢጫ ምልክት ያለው ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከዚህ አይብለጥ የሚል ቁጥር አለበት። ብሮሹሩን ትታችሁ እሱን አንብቡ። በብሮሹር ላይ «እስከ» የምትለውን ቃል እኛ ማርኬቲንግ ላይ ያለን ሰዎች በደንብ እናውቃታለን። «እስከ» የተባለው የመጎተት አቅም ብዙ ጊዜ የአንድ ልዩ መኪና ቁጥር ነው፤ ጠባብ ጋቢና ያለው፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ፣ ልዩ ዲፈረንሻል የተገጠመለት። ለአምስት ሰው የሚሆነው፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳው፣ የቆዳ ወንበር ያለው መኪና ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ፈተናው ራሱ ግን የሚናቅ አይደለም። ጄ 2807 በሚባለው መለኪያ መሠረት መኪናው አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም የሚባለውን 11.4 ማይል አቀበት በሙቀት፣ ኤሲው ተከፍቶ፣ ከ40 ማይል ሳይወርድ መውጣት አለበት። ከኋላ ጥንድ ጎማ ያለው ከሆነ 35 ይበቃዋል።

ወደ ቢጫው ወረቀት እንመለስ። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ በብዙ መቶ ፓውንድ ይከብዳል። መኪናው በጠቅላላ 10,000 ፓውንድ እንዲሸከም ከተፈቀደለት፣ ሞተሩ የወሰደው ክብደት ከእናንተ ድርሻ ላይ ይቀነሳል። አንድ መካከለኛ ደረጃ ያለው ናፍጣ ወረቀቱ ላይ 2,400 ቢል፣ ተመሳሳዩ ቤንዚን 3,100 ሊል ይችላል። ከኋላ በጋንጮ የሚጎተት ተሳቢ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶውን መኪናው ላይ ያሳርፋል። ከ12,000 ላይ 13 በመቶ ብንወስድ 1,560 ፓውንድ ነው። አምስት ሰው ከነቦርሳው 700፣ ጋንጮው 100፣ ዕቃ 200። ድምሩ 2,560። ናፍጣው ተራራ ለመሳብ የሚያስችል ጉልበት እያለው ገና ከቤት ሳይወጣ 160 ፓውንድ አልፏል! ቤንዚኑ 540 ይቀረዋል። የእህቴ ባል ይህን ስነግረው ስልኩ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ጣጣ የለውም፣ ከባዱን ደረጃ እንገዛለና» አለ።

ጣጣ አለው። የንግድ ተሽከርካሪ ሲሆን፣ የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ 26,001 ፓውንድ ከደረሰና ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ከበለጠ፣ ሹፌሩ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ዘመዶቻችን «ሲዲኤል» የሚሉት ነው። የሚታየው በዕለቱ የተጫነው ብቻ አይደለም፤ ፋብሪካው የለጠፈው ቁጥርም ይደመራል። የእህቴ ተሳቢ 14,000 ፓውንድ ተብሎ የተመዘገበ ነው። ከ10,000ው መኪና ጋር 24,000 ይሆናል፣ ምንም ችግር የለም። 12,300 የተለጠፈበት ከባዱ ፒካፕ ላይ ሲደመር ግን 26,300 ሆነ። እሱ ፈተናውን ወስዶ ማለፍ ይችል ይሆናል፤ ባል ሲደክመው መሪውን የምትይዘው እህቴስ? ለዚህ ነው መኪናና ተሳቢ አንድ ላይ ታስበው መገዛት ያለባቸው የምለው።

ገንዘቡን እንየው። አዲስ ሲገዛ ናፍጣው 10,000 ዶላር ገደማ ይበልጣል። ይህ ገንዘብ በስድስት ዓመት ብድር፣ በ8 በመቶ ወለድ ቢወሰድ በወር 175 ዶላር ይመጣል፤ ሲያልቅ 12,600 ተከፍሏል። በነዳጅ የሚመለሰውን ለማየት የራሴን ግምት ላስቀምጥ፤ እናንተ የሰፈራችሁን ዋጋ አስገቡበት። ቤንዚን 3.20፣ ናፍጣ 3.80 ይሁን። ሲጎትት ቤንዚኑ በጋሎን 8 ማይል፣ ናፍጣው 11 ይሂድ፤ ባዶውን 13 እና 17። እህቴና ባለቤቷ በዓመት 6,000 ማይል ይጎትታሉ፣ 6,000 ደግሞ ባዶውን ይነዱታል እንበል። ቤንዚኑ በዓመት 3,880 ዶላር ገደማ፣ ናፍጣው 3,410 ገደማ ይጠጣል። ልዩነቱ 470 ዶላር አይሞላም። ከዚህ ላይ የናፍጣውን ውድ የዘይት ለውጥ፣ የነዳጅ ፊልትሮዎቹንና «ዴፍ» የሚባለውን የዩሪያ ፈሳሽ ስንቀንስ የሚተርፈው ለአንድ ቤተሰብ እራት ነው። በዚህ ስሌት 10,000ው ሳይመለስ ትልቁ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ይወጣል።

የመንገዱን ርዝመት ስትለውጡት ግን መልሱም ይለወጣል። ከአንባብያን ብዙዎቻችሁ ዳላስ ወይም ሲያትል በፒካፕና በተሳቢ መኪና የሚያመላልስ፣ ዕቃ የሚያደርስ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ይኖራችኋል። እሱ በዓመት 40,000 ማይል ጭኖ ይሄዳል እንበል። በዚያው ግምት ቤንዚን 16,000 ዶላር ያስወጣዋል፣ ናፍጣ 13,800 ገደማ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ልዩነቱን መለሰ ማለት ነው፤ ያውም መኪናው ሲሸጥ ናፍጣ የተሻለ ዋጋ እንደሚያወጣ ሳንቆጥር። ለዚህ ሰው ቤንዚን ግዛ ማለት ጠላትነት ነው።

ሌላም አለ፤ የዕለት ተዕለት ኑሮ። ከ2007 ወዲህ የተሠሩት የአሜሪካ ናፍጣዎች ጥላሸት የሚይዝ ፊልትሮ ማርሚታቸው ላይ አላቸው፤ ከ2010 ወዲህ ደግሞ ዴፉ ተጨመረ። ያ ፊልትሮ የያዘውን ጥላሸት አቃጥሎ የሚያጸዳው መኪናው ረጅም መንገድ ሄዶ ጭሱ በደንብ ሲግል ነው። ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሱቅ ደርሶ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ቤት የሚመለስ ናፍጣ ፊልትሮው ይደፈናል። ሲደፈን የሚከፈለው በሺዎች ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው የናፍጣ ፖምፓ ተሰብሮ ብናኙ ወደ ኢንጀክተሮቹ ከገባም እንዲሁ፤ የአንዳንዱ ጥገና የአሮጌ መኪና ዋጋ ያህላል። የዴንቨር ብርድም አለ። ለብርድ ያልተዘጋጀ ናፍጣ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ዴፉ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ በረዶ ይሆናል። መኪናው ማሞቂያ ስላለው ይህ ብቻውን አያስፈራም፤ ነገር ግን የሚታሰብበት ነገር ይጨምራል። «ፊልትሮውን ቆርጠን እናውጣልህ፣ ጉልበትም ይጨምራል» የሚል ጋራዥ አይጠፋም። የፌዴራሉን የአየር ጥራት ሕግ መጣስ ነው፣ ቅጣትም አለው። እንደዚያ የተቆረጠ አሮጌ ናፍጣ በርካሽ ቢቀርብላችሁ ርካሽነቱ ከዚያ የመጣ መሆኑን ጠርጥሩ።

የእኔ ፍርድ ይኸው ነበር። ለእህቴ ቤት መካከለኛ ደረጃ ቤንዚን፣ ዲፈረንሻሉ ለመጎተት የሚሆነው ከፍተኛው ቁጥር። የእህቴን ባል የቁልቁለት ሥጋት ደግሞ እንደ ግትርነት አላየሁበትም። ናፍጣውን ሲተዉ ከቀረላቸው 10,000 ዶላር ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ለተሳቢው ፍሬን ይሁን ብዬ ሁለቱንም አስማማሁ። ተሳቢው ላይ በአራቱም ጎማ የኤሌክትሪክ ፍሬን፣ ጋቢናው ውስጥ ደግሞ የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው የሚቆጣጠር መሣሪያ ተገጠመ። ብዙ ስቴቶች ከ3,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ ተሳቢ የራሱን ፍሬን በሕግ ያስገድዳሉ፤ መኖሩና መሥራቱ ግን ለየቅል ናቸው። በሚያዝያ መኪናውን ገዙ። በግንቦት የመጀመሪያ ጉዟቸው ላይ ዋሻው ጋ ለመድረስ ካሰቡት በላይ ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። የእህቴ ባል አሁንም ናፍጣ ሲያልፈው አንገቱን ያዞራል አሉ። ያዙር፤ ሚስቱ አትከለክለውም።

ለማንኛውም፣ ናፍጣም ይሁን ቤንዚን ያላችሁ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ተሳቢውን ጭናችሁ፣ ቤተሰቡን አሳፍራችሁ ከባድ መኪኖች በሚያርፉበት ማደያ ወዳለው ሚዛን ሂዱ። በጥቂት ዶላር የፊቱን፣ የኋላውንና የተሳቢውን ክብደት ለየብቻ ወረቀት ላይ ይሰጧችኋል። ከበሩ ወረቀት ጋር አስተያዩት። ከዚያ የተሳቢውን ጎማዎች ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ጎናቸው ላይ የታተመው የመጨረሻው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ጎማው የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው፤ 2317 ካለ በ2017 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። የተሳቢ ጎማ ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ ሳያልቅ ነው የሚያረጀው። እንዲህ ያለ ቁጥር ካገኛችሁ፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም፣ 54 ኩንታል አትጫኑበት።